ከምድር ቤት የወጣ እርማት

ጮክ ብዬ በማንበብ ደመወዝ የበላሁ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር የዘመኑ ልጆች የሬዲዮ ዜና አንባቢ የነበርኩ ይመስላቸዋል። አይደለም! ኦክላንድ ውስጥ የትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚያዘጋጅና የሚያትም አንድ ድርጅት ነበር። ስሙን አልጠራውም፣ ዛሬ የለምም። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ደራሲው የጻፈውን ረቂቅ ከነነጥቡ ከነሰረዙ፣ አንዲት ሳላስቀር ጮክ ብዬ አነባለሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው አራሚ ደግሞ ታትሞ የመጣውን የሙከራ ወረቀት በእርሳስ ጫፍ መስመር በመስመር ይከተለኛል። እኔ ካልኩት ወረቀቱ ላይ ያለው ከተለየ ስህተት ተገኘ ማለት ነው። ሥራው ይኸው ነው። ለአንድ ገጽ ሁለት ሰው!

ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራ የለም፤ ማሽኑ ብቻውን ያርማል ይላሉ፣ እኔም ማሽኑ ያረመውን ሳነብ እስቃለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳን ሆዜም ሬድውድ ሲቲም ብዙ ቢሮ ተቀምጫለሁ። ጥሩ አለቃም ክፉ አለቃም አይቻለሁ። ስለ ሥራ ዘመንሽ ንገሪን ስባል ግን ልቤ የሚሮጠው ወደዚያ ምድር ቤት ነው።

ካሊፎርኒያ የመጣሁት በንጉሡ ዘመን ለትምህርት ነው። በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ሳን ሆዜ ስማር፣ የትምህርት ዕረፍቱን ላሳልፍበት ብዬ ኦክላንድ ሥራ ጠየቅኩ። ለሦስት ወር ብዬ ገብቼ ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። ጥሩወርቅ የሚለው ስሜ ለአፋቸው ከብዷቸው ትሩዲ አሉኝ። እኔም ምን ቸገረኝ ብዬ አቤት አልኩ።

የፈተኑኝ ሚስ ኦዴል ናቸው። ሚስ ኦዴል የምድር ቤቱ ዋና አራሚ ነበሩ። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ጥቁር አሜሪካዊት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሉዊዚያና መጥተው ሪችመንድ ውስጥ መርከብ ሲበይዱ የነበሩ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ኅትመት የገቡ ሴት ናቸው። አንድ ገጽ ረቂቅ ሰጡኝና "አንብቢ" አሉኝ። እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። አፌ ወደሚያውቀው ሮጠ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ ሴት ናት ሳይሉ ንባቡን ከነተነሹ ከነወዳቂው አስተምረውኛል፤ የት ላይ ድምፅ እንደሚነሣ፣ የት ላይ እንደሚወድቅ ማለት ነው። እና እኔ የአሜሪካን የሦስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ በአባቴ ንባብ ለቀቅኩት! ኮማው ጋ ስደርስ ድምፄን አነሳለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ እጥላለሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሚስ ኦዴል ጣታቸውን አነሱ።

"ኮማዋን ሳትጠሪያት ሰማኋት" አሉኝ። "እንደገና ጀምሪ።"

በዚያው ቀን ተቀጠርኩ። ሌሎቹ አንባቢዎች "ኮማ፣ ነጥብ፣ አዲስ አንቀጽ" እያሉ እያንዳንዷን ምልክት ይጠራሉ። እኔና ሚስ ኦዴል ግን ሁለት ወር ሳይሞላን መጥራት ተውን፤ ድምፄ ከተነሣ ኮማ ናት፣ ከወደቀ ነጥብ ናት። ጎረቤቶቻችን አንድ ወረቀት ሳይጨርሱ እኛ ሁለተኛው ላይ ነን። ወይ ደስታ! እኔ እያነበብኩ የእሳቸው እርሳስ ሲሮጥ ማየት፣ ጠዋት ለሥራ የሚያስቸኩለኝ ያ ነበር።

የእሳቸው ልማድ አያልቅም። እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጻሉ እንጂ መቅረጫ አይነኩም። ወረቀቱን ተቀብለው መጀመሪያ የሚያዩት የመጨረሻውን አንቀጽ ነው፣ "ስህተት የሚደበቀው ሰው ሁሉ የደከመበት ቦታ ነው" ይላሉ። ርዕሱን ደግሞ በጣታቸው ፊደል በፊደል ይዳስሳሉ፣ ምክንያቱም ትልቁን ጽሑፍ ሁሉም አየሁት ብሎ ያልፈዋል። ስህተት ሲያገኙ አይናገሩም፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዝሙር በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ። እኔም ዝማሬው ሲጀምር ማንበቤን አቆማለሁ። በየሰዓቱ ደግሞ አስነሥተው ከኋላ ወዳለው የዕቃ መጫኛ በር ይወስዱናል። "ሳንባችሁን አናፍሱ። ያልተነፈሰ ሰው ኮማ አያይም።"

ሳንባችን ማናፈስ ያስፈልገው ነበር። ምድር ቤቱ መስኮት የለውም። ግድግዳው ወዲያ ማዶ የማተሚያ መሣሪያዎቹን ቀለም በኬሚካል የሚያጥቡበት ክፍል ነበር፤ ሽታው እንደበሰበሰ ሙዝ ጣፋጭ ነው፣ በበሩ ሥር እየገባ ጉሮሮአችን ላይ ይቀመጣል። ከምሳ በኋላ የሁላችንንም ራስ ያመናል። የሚስ ኦዴል ቀኝ እጅም መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። አምስት ነበርን። ሚስ ኦዴል፣ እኔ፣ ከፍሩትቬል ሰፈር የምትመጣው ሜክሲካዊቷ ሉፔ፣ እና ሁለት ጥቁር ወንዶች። ፎቅ ላይ፣ የከተማውን ሐይቅ በሚያሳዩት መስኮቶች አጠገብ፣ አዘጋጆቹ ይቀመጣሉ። ከእነሱ ውስጥ ነጭ ያልሆነ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ማንም አዋጅ አላወጣበትም፤ ደረጃው ብቻ ይናገረዋል።

ከእነሱ ጋር የሚያገናኘን አንድ ሕግ ነበር። አራሚ አንድ ነገር ካጠራጠረው ኅዳጉ ላይ ጥያቄ ጽፎ ይፈርማል። ፎቅ ያለው አዘጋጅ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በቀለም መልስ ጽፎ መፈረም አለበት። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ያለበት ወረቀት ማተሚያ ማሽኑ ላይ አይወጣም። ባለቤትም ይሁን ሥራ አስኪያጅ ሊያልፈው አይችልም። ሚስ ኦዴል ይህን ሕግ እንደ ዳዊት ነበር የሚያከብሩት።

ከዚያ አዲሱ መጽሐፍ መጣ። በስልሳዎቹ መጨረሻ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ልጆች ያሉበት የንባብ መጽሐፍ አምጡ ማለት ጀምረው ነበር። የእኛም ድርጅት ታጥቆ ተነሣ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ምድር ቤት የወረዱ ቀን አምስታችንም ሥራ ፈትተን ከበብናቸው። ሉፔ አጨበጨበች። ሚስ ኦዴል ግን መነጽራቸውን አስተካክለው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩና ዝማሬ ጀመሩ። እውነትም ልጆቹ ያው የድሮዎቹ ነጭ ልጆች ናቸው፤ ቡናማ ቀለም ተቀብተዋል። ሚስ ኦዴል አንዲት ልጅ ከተሳለችበት ሥዕል ጎን እንዲህ ጻፉ፦ "ይህችን ልጅ ጸጉሯን እንዲህ አድርጋ ትምህርት ቤት የምትልክ እናት የለችም። ማን አበጠራት?" ፈረሙበት።

መልሱ በወረቀት አልመጣም። አዘጋጇ ራሷ ወረደች! ካሮል የምትባል ወጣት ናት። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስለ ጸጉር፣ ስለ ጉንጉን፣ ስለ እሑድ ሪባን ጠየቀቻቸው። ሚስ ኦዴል የኔን ራስ መማሪያ አድርገው ሹሩባውን አሳዩዋት። እየሳቅን እያለ ካሮል ግንባሯን ያዘች። ፊቷ ነጣ።

"እዚህ ውስጥ እንዴት ትሠራላችሁ?" አለች። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላትም።

ሥዕሎቹ እንደ አዲስ ተሳሉ። ካሮል ስለ ምድር ቤቱም ፎቅ ላይ ወጥታ ጮኸች። ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ሃላም ጩኸቱ ሲበዛበት አንድ ሐኪም ቀጥሮ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ እንዲጠይቅ አደረገ። ሚስ ኦዴል ይህን ለዓመታት ሲለምኑ ኖረዋል። "ሁላችንም ያለውን እንናገር፤ ወደ ላይ ያወጡናል" አሉን። አራቱ ገብተው የሚያማቸውን ተናገሩ። እኔ መጨረሻ ገባሁ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀምጫለሁ። ሐኪሙ ሽበታም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ሚስተር ሃላምም ጥግ ላይ ተቀምጧል።

"እንዴት ነሽ?" አለኝ ሐኪሙ።

"በጣም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ታችኛው ክፍል አይከብድሽም?"

"ኧረ ምንም አይል።"

"ራስ ምታት አለሽ?"

"ሰው ሆኖ ራሱን የማያመው ማን አለ?" ብዬ ሳቅኩ። ያን ጊዜም ራሴን እያመመኝ ነበር።

ወገኖቼ ይረዱኛል። እኛ ዘንድ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲባል ተመስገን ደህና ነኝ ብሎ ነው የሚጀምረው። ሕመሙ የሚወጣው በአራተኛው በአምስተኛው ጥያቄ ነው፣ ያውም ጠያቂው ጠበቅ ሲያደርግ። ለማያውቁት ትልቅ ሰው፣ ሻይ ለጋበዘ፣ ወንበር ለሳበ፣ ገና እንደተቀመጡ ሕመም መዘርዘር ነውር ነው። እኔ አራተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ ሐኪሙ ቅጹን አጠፈ።

ሚስተር ሃላም ሲሸኘኝ "አንቺ እንደ እነሱ አይደለሽም" አለኝ። ይህን ስሰማ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። አዎ፣ ኮራሁ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ሪፖርቱ በሳምንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የአራቱ ሠራተኞች ቅሬታ፣ ከአፍሪካ በመጣችውና ለማንም በማታዳላው በአምስተኛዋ ሠራተኛ ቃል ውድቅ ሆኗል፤ ክፍሉ ለጤና ተስማሚ ነው ይላል። ግርጌው ላይ ሌላ ነበረ። የሚስ ኦዴል እጅ መንቀጥቀጥ የዕድሜ ነገር ስለሆነ አዲሱ መጽሐፍ ሲያልቅ ይሰናበታሉ።

ሚስ ኦዴል ቆመው አነበቡት። በልማድ እርሳሳቸውን ይዘው መስመሩን ይከተሉ ነበር። ጫፉ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

"የፊደል ስህተት የለውም" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ "ከነገ ጀምሮ ከሉፔ ጋር ታነቢያለሽ" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ከሉፔ ጋር ተቀምጬ "ኮማ፣ ነጥብ" እያልኩ ሳነብ እሳቸው ሦስት ወንበር አልፈው ይሰሙኛል፤ ቀና ብለው ግን አያዩኝም። እንጀራቸውን ያሳጣሁት እኔ፣ የሚያዝኑብኝ እሳቸው። ሌላ ምንም አላስጨነቀኝም። እኚህ ሴት በኔ ምክንያት ከዚያ ቤት ከወጡ በምን ፊቴ እቀመጣለሁ?

ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሳን ሆዜ ወረድኩ። ኋላ ባሌ የሆነው ደረጀ ያን ጊዜ እዚያ ተማሪ ነው። ነገሩን ስነግረው ራሱን ያዘ።

"ለምን ኤክስፕሌን አላደረግሽለትም?"

"ገና ሰላም ሲለኝ ነዋ!"

"ኧረ ባክሽ ጥሩዬ! ሰውዬው ኢንተርቪው እያደረገሽ ነው እኮ፣ ሰላምታ መሰለሽ?"

"አንተስ ያኔ ኒሞኒያ ይዞህ ዶክተሩ ጋ ስትገባ ምን አልክ?"

"ፋይን አልኩ።"

ሳቅን፣ ሳቅን፣ ሳቁ ሲያልቅ እኔ አለቀስኩ። ደረጀ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"እንግዲያ ስቴትመንትሽን ቼንጅ አድርጊያ።"

"ፔፐሬን የሚፈርመው ሃላም ነው። ካባረረኝ ቪዛዬስ?"

"እሱማ ሪስክ አለው፣ አልዋሽሽም። ግን የአንቺ ጆብ ምንድን ነው? ስህተት ፕሪንት ሆኖ ሲወጣ ዝም ማለት ነው?"

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ! መንገዱ ወለል ብሎ ታየኝ። ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁና ሪፖርቱን ከሰሌዳው ላይ ነቀልኩት። ዙሪያው ኅዳግ እንዲኖረው ሰፊ ነጭ ወረቀት ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ እንደማንኛውም የሙከራ ወረቀት አረምኩት። "ተስማሚ ነው" የሚለውን ሰረዝኩና ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፦ "አምስተኛዋ ሠራተኛ ደህና ነኝ ያለችው ሰላምታ ስትመልስ ነው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ራሷን ያማታል፣ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ድምፅዋ ጠፍቷል፣ ደረጃ ስትወጣ ዓይኗን ይጋርዳታል። ይስተካከል?" ለማንም አታዳላም ከሚለው ጎን "ከአራቱ ጋር ናት። ይስተካከል?" አልኩ። ግርጌው ላይ ደግሞ "እጃቸው የሚንቀጠቀጠው በዕድሜ ነው ያለው ማን ነው? ምንጭ ይጠቀስ።" ትሩዲ ብዬ አልፈረምኩም። ጥሩወርቅ ብዬ ሙሉውን ፈረምኩ። ወረቀቱን ከአዲሱ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ጋር አያይዤ ወደ ፎቅ የሚወጣው ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት። ልቤ ይዘላል።

ረፋድ ላይ ማሽኑ ጸጥ አለ። አታሚዎቹ እጃቸውን እየጠረጉ ወደ እኛ በር መጡ። "ካሮል አልፈርምም ብላለች" አሉ። "መልስ ያላገኘ ጥያቄ አለበት ትላለች።" ትምህርት ቤቶች የሚጠብቁት መጽሐፍ፣ ሁሉ ነገሩ ያለቀለት መጽሐፍ፣ በኔ ሦስት ጥያቄ ቆመ! ሚስ ኦዴል ከወረቀታቸው ላይ ቀና አሉ።

ደረጃው ተንኳኳ። ሚስተር ሃላም ነው። በሥራ ዘመኔ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ያረምኩትን ወረቀት ይዟል። ሰው ሁሉ እያየን ፊቴ ቆመ።

"ትሩዲ፣ ምን ነካሽ? ደህና ነሽ?"

ያ ቃል በራሱ ጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እናቴ፣ አባቴ፣ ሰፈሬ ሁሉ ከኋላዬ የሚገፉት መሰለኝ። ዋጥኩት።

"አይ" አልኩ። "ደህና አይደለሁም።"

አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። ራሴን፣ ጉሮሮዬን፣ ዓይኔን፣ የሚስ ኦዴልን እጅ፣ የሉፔን ማስመለስ ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሕግ ነው፣ መልስ በቀለም ይጻፍልኝ አልኩ። "ካላመኑኝ ደግሞ ይቀመጡና አንድ ወረቀት ይስሙ።" በሰው ፊት እምቢ ማለት አፍሮ ተቀመጠ። አነበብኩለት፤ ረጋ ብዬ፣ አንድም ምልክት ሳልዘል። ግማሽ ላይ ክራቫቱን ፈታ። ከዚያ መሐረብ አወጣ። ወረቀቱ ሳያልቅ ብድግ ብሎ የዕቃ መጫኛው በር ጋ ሄዶ ቆመ። ሉፔ ፊቷን በእጇ ሸፍና ትስቃለች።

ተመልሶ የማንንም ፊት ሳያይ ብዕሩን አወጣ። ከሦስቱም ጥያቄ ጎን "ይስተካከል" ብሎ ጽፎ ፈረመ። ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ በእግራችን ሰማነው፣ አታሚዎቹም ያፏጩ ጀመር።

ወር ሳይሞላ ሁለተኛ ፎቅ ወጣን፤ ከአዘጋጆቹ ጋር፣ መስኮት ያለው ክፍል! ዕቃችንን ተሸክመን ስንወጣ ካሮል በር ይዛልን ነበር። የማጠቢያው ክፍል የአየር ማውጫ ተገጠመለት። የሚስ ኦዴልም ስንብት ቀረ። እኔን ከዚያ በኋላ ሚስተር ሃላም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ የቪዛ ወረቀቴን ግን ፈረመልኝ። ኋላ በየሄድኩበት ቢሮ አዲስ ሠራተኛ ደህና ነኝ ሲለኝ አራት ጊዜ የመጠየቅ ልማድ ያመጣሁት ከዚያ ነው።

ሚስ ኦዴል ግን ገና አላናገሩኝም ነበር። ፎቅ በወጣን በመጀመሪያው ሰኞ ከሉፔ አጠገብ ወንበር ስስብ ስሜን ጠሩ። ሄድኩ። ፊታቸው ረቂቁና የሙከራው ወረቀት ተዘርግተዋል። ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው አሳዩኝ። መንቀጥቀጡ አልተወውም።

"ይህ እጅ ከእንግዲህ ቀጥ ያለ መስመር አያሰምርም" አሉ። "ያ ምድር ቤት በልቶታል። ድምፄ ግን አለ። እኔ አነባለሁ፣ አንቺ እርሳስ ትይዣለሽ።"

"ሚስ ኦዴል፣ ያን ቀን እኔ..."

"አርመሽዋል" አሉኝ። "የታረመን ነገር ሁለት ጊዜ አላርምም። ቁጭ በይ።"

ተቀመጥኩ። እንባዬ ወረቀቱን እንዳያበላሽ ቀና ብዬ መስኮቱን አየሁ። እሳቸው ጀመሩ። በአባቴ ንባብ አይደለም፣ በራሳቸው በሉዊዚያናው የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ነው፤ ኮማው ላይ ያነሱታል፣ ነጥቡ ላይ ይጥሉታል። ፎቁ ውስጥ የሚጽፉት የጽሕፈት መኪናዎች አንድ በአንድ ዝም አሉ። እርሳሴ ሮጠ። ገጹ ሲያልቅ "ሦስት ስህተት አገኘሁ" አልኳቸው።

"አራት ናቸው" አሉኝ። "ሳትመጪ ቀድሜ አይቼዋለሁ። ፈልጊ።"

እስከ ምሳ ሰዓት ፈለግኩ። ሳገኘው ጮኼ ዘለልኩ፣ ፎቁ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ሚስ ኦዴል ያንጎራጉሩ ነበር።